ደረሰኝ የሌለው ወጪ፦ በዘር የሚተላለፍ የአእምሮ እድገት ውስንነት ማንን ምን ያህል ያስከፍላል?

የአሜሪካው የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል፣ በተለምዶ ሲዲሲ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ በ2004 ያወጣው አንድ ስሌት አለ። በ2000 በአሜሪካ የተወለዱና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች፣ ከሌሎች እኩዮቻቸው በላይ በዕድሜ ዘመናቸው የሚያስፈልጋቸው ወጪ በድምሩ 51.2 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል ይላል። ለአንድ ሰው ሲካፈል 1,014,000 ዶላር ገደማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዶላሩም በ2003 ዋጋ የተሰላ ነው።)

ስሌቱ ከወጣ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም ዛሬም ይጠቀሳል። አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲባል የሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሆስፒታል፣ ወደ መድኃኒት፣ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ነው። ዝርዝሩን ከፍቶ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ለሕክምና የሚውለው ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ነው። ለልዩ ትምህርት፣ ቤትንና መኪናን ለማመቻቸትና ለመሳሰለው የሚውለው ከመቶ 10 ገደማ ነው። የቀረውን 76 በመቶ ማንም ከኪሱ አውጥቶ አልከፈለውም። ሰውየው ሥራ ባለማግኘቱ፣ ቢያገኝም በትንሽ ደመወዝ በመቀጠሩ ወይም ያለ ዕድሜው በመሞቱ ሳይገባ የቀረ ገቢ ነው።

ከስሌቱ ውጭ የቀረውም ብዙ ነው። የመኖሪያ ተቋማት ወጪ አልተቆጠረም። ድንገተኛ ክፍል የሚከፈለው አልተቆጠረም። ቤተሰብ ከራሱ ኪስ የሚያወጣው አልተቆጠረም። ሥራዋን ትታ ቤት የዋለች እናት ያጣችው ደመወዝም የለበትም። ሲዲሲ ይህን አልደበቀም፤ ስሌቱ ከእውነተኛው ወጪ በታች መሆኑን ራሱ ጽፏል። ቁጥሩን እየተቀባበሉ የጠቀሱት ሰዎች ናቸው ይህችን ማስጠንቀቂያ መንገድ ላይ የጣሏት።

እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚሁ ስላልተቆጠረው ነው። በዘር የሚተላለፍ የአእምሮ እድገት ውስንነት ትልቁ ወጪ ደረሰኝ የለውም፤ በአብዛኛው የሚከፈለው ከአንዲት ሴት ዕድሜ ላይ ነው። ደግሞም ከዘረመል የመጣ ከሚመስለን ወጪ ውስጥ ብዙው የሚመጣው መልሱ ዘግይቶ ስለሚነገር፣ ትምህርት ቤት ልጁን ስለሚመልስ፣ ቀጣሪ በሩን ስለሚዘጋ ነው።

አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ካርድ

የአእምሮ እድገት ውስንነት መንስኤው ብዙ ነው። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ማጅራት ገትር፣ የአዮዲን እጥረት፣ በእርግዝና ጊዜ የሚጠጣ አልኮል ሁሉ ያመጡታል። ዳውን ሲንድረም ከክሮሞዞም፣ ማለትም ጂን የሚባሉት የውርስ መመሪያዎች ከተደረደሩበት የሕዋስ ክፍል፣ የሚነሳ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም፤ በዚያው እርግዝና አዲስ የተፈጠረ ነው። በዘር ከሚወረሱት መካከል በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው ነው። በግምት ከ4,000 እስከ 7,000 ከሚሆኑ ወንዶች አንዱ ላይ ይገኛል፤ በሴቶች ላይ ቁጥሩ ከዚያ ያንሳል።

መነሻው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ፣ ኤፍኤምአር1 የተባለ ጂን ነው። ጂኑ ተለይቶ የታወቀው በ1991 ነው። በመጀመሪያው አካባቢ ሲ፣ ጂ፣ ጂ የተባሉ ሦስት ኬሚካዊ ፊደሎች ተደጋግመው ይገኛሉ። በአብዛኛው ሰው ላይ ድግግሞሹ ከ45 በታች ነው። ብራና ላይ አንድን ቃል እየደጋገመ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ድግግሞሹ ሲበዛበት ቁጥሩ እንደሚጠፋው ሁሉ፣ ሰውነትም ረጅሙን ድግግሞሽ ለሚቀጥለው ትውልድ ሲገለብጥ ይስታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይጨምርበታል። ድግግሞሹ ከ55 እስከ 200 የሆነ ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ጂኑ ገና ይሠራል። ከ200 ካለፈ ጂኑ ይዘጋል፤ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙበትን ቦታ ለማስተካከል አንጎል የሚፈልገው ፕሮቲንም አይመረትም። ወንድ ልጅ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው መተኪያ የለውም። ሴት ልጅ ሁለተኛ ስላላት ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ይቀልላታል።

ወጪውን ከዓይን የሚሰውረው የሚወረስበት መንገድ ነው። አንድ አያት ተሸካሚ ነው እንበል። አእምሮው ሙሉ ነው፤ ነግዷል፣ ቤት ሠርቷል፣ ልጆች አሳድጓል። ይህን ጂን ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፤ ከወንዶቹ ግን ለአንዱም አያወርስም፣ ለወንድ ልጅ የሚሰጠው ዋይ ክሮሞዞሙን ነውና። ከእሱ ወደ ሴት ልጁ ሲተላለፍ ድግግሞሹ ያን ያህል አይጨምርም። ከ200 ሊያልፍ የሚችለው ከሴት ልጁ ወደ ልጇ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ውስንነቱ የሚታየው የልጅ ልጁ ላይ ይሆንና ዘመድ ሁሉ "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም፣ ከየት መጣ?" ይላል።

ነገሩ በልጁም አያበቃም። ተሸካሚ ከሆኑ ሴቶች 20 በመቶ ያህሉ እንቁላል ማምረታቸው ያለ ጊዜው ይዳከማል፤ የወር አበባቸው 40 ዓመት ሳይሞላቸው ሊቋረጥ፣ መውለድም ሊያስቸግራቸው ይችላል። ተሸካሚ ከሆኑ ወንዶች ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ50 ሲያልፍ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ አረማመድ የሚያዛባ፣ እየቆየም ማስታወስን የሚያዳክም ሕመም ይይዛቸዋል። አያትየው የነርቭ ሐኪም ጋ ሄዶ ፓርኪንሰን ይመስላል ይባላል። አክስቲቱ የማሕፀን ሐኪም ጋ ልጅ እምቢ ስላላት ትመላለሳለች። የልጅ ልጁ ሕፃናት ክፍል ነው። ሦስቱም ካርድ ያወጣሉ፣ ሦስቱም የደም ምርመራ ይከፍላሉ፣ ካርዶቹም በሦስት ሕንፃ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሕመማቸው የአንድ ጂን ጉዳይ መሆኑን ከሦስቱ ሐኪሞች አንዱም ላያውቅ ይችላል።

በዘር መተላለፉ በወጪው ስሌት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ይህ ነው። በአንድ ልጅ ስም የሚመዘገበው ጉዳይ በሦስት ትውልድ ላይ ተበትኖ ይከፈላል። ጥሩው ነገር፣ መልሱም እንዲሁ ይበተናል፤ ለልጁ የተደረገ አንድ ትክክለኛ የዘረመል ምርመራ ለአያቱ፣ ለአክስቱ፣ ነገ ለምታገባው የአክስቱ ልጅ ሁሉ ምን መመርመር እንዳለባቸው ያሳያል። አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ይህን ያህል ሰው የሚያገለግል ምርመራ በሕክምናው ዓለም ብዙ አይገኝም።

እዚህ ላይ ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባትን ነገር ማንሳት ግድ ይላል፤ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይጨነቃልና። ልማዱ እውነተኛ ጥቅም አለው። ሁለቱም ወላጆች ያንኑ የተበላሸ ጂን ሲያወርሱ ብቻ የሚመጡ በሽታዎች አሉ፤ የቅርብ ዘመዳሞች ደግሞ አንድ ዓይነት ጂን የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ለምሳሌ የወንድምና የእህት ልጆች ከጂናቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ። ሰባት ቤት መቁጠር ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ፍራጃይል ኤክስን ግን አያግደውም። ከእናት በኩል ብቻ ስለሚመጣ ባልየው ከየትኛውም አገር፣ ከየትኛውም ዘር ቢሆን ለውጥ የለውም። "ዘራችንን ቆጥረን ነበር እኮ" እያሉ ራሳቸውን የሚመረምሩ ወላጆች ያጎደሉት ነገር የለም።

"ከእናት ነው የመጣው" የሚለው አነጋገርም የራሱ ዋጋ አለው፤ ትዳር ያፈርሳል። እናትየው ጂኑን ከአባቷ ወይም ከእናቷ ሳታውቅ ነው የተቀበለችው። መርጣ ያደረገችው ነገር የለም። ባል ጥሎ ሲሄድ ግን በሁለት ደመወዝ ሊሸፈን ይችል የነበረው ወጪ፣ ደመወዝ በሌላት በአንዲት ሴት ላይ ይወድቃል።

ሒሳቡን ቤት ውስጥ ስንሠራው

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት እናት ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ በወር 6,000 ብር እየተከፈላት ትሠራለች እንበል። ሴትዮዋንም ደመወዙንም ለምሳሌ ያህል ያመጣኋቸው ናቸው፤ የምነግራችሁ ነገር ግን ይህን ኑሮ ለሚያውቅ ቤተሰብ እንግዳ አይሆንም።

ልጇ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አይናገርም። ሲጠሩት ዞር አይልም፤ ዓይን ለዓይን ማየት አይወድም፤ ሲደሰት እጁን ያርገበግባል። መጀመሪያ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ይሏታል። ቀጥሎ ጆሮው ይመርመር ይባላል፤ ጆሮው ደህና ነው። የአንጎል ኤምአርአይ ይነሳ ይባላል፤ ብድር ገብታ ታስነሳዋለች፤ ይህን ያህል የሚታይ ነገር የለም። ለፍራጃይል ኤክስ መልስ የሚሰጠው የደም ዘረመል ምርመራ ነው፤ እሱን የሚያዝላት ሐኪም እስክታገኝ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ቢታዘዝም ናሙናው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ይሰላል። በመሀል ጸበል ትሄዳለች። በእምነቷ ተስፋ ማድረጓን የሚነካ ቃል ከእኔ አይወጣም። ጸበሉ አጠገብ የሚከራየው ክፍል፣ ከሥራ የሚቀርባት ቀን፣ ቤት የቀሩት ልጆች ቀለብ ግን የወጪው አካል ስለሆነ ከሒሳቡ አላወጣውም።

ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሲጣራ፣ ሙዚቃው ሲጮህ፣ ሰው ሲጋፋ ልጁ እጁን መንከስ ይጀምራል። ድምፅና ግርግር አይችልም፤ የፍራጃይል ኤክስ አንዱ ጠባይ ይህ ነው። ተሳፋሪው ዞር ብሎ ያያል፤ አንዷ ታማትባለች፤ ሌላው "እማማ፣ ልጅ መቅጣት ልመጂ" ይላል። እናትየው ከመድረሻዋ ሁለት ፌርማታ ቀድማ ትወርዳለች። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት የሚኬደው በኮንትራት ነው።

የሕፃናት ማቆያው አንድ ሳምንት ሞክሮት ይመልሰዋል። የቤት ሠራተኛ ትቀጠራለች፤ ከሁለት ደመወዝ በላይ አትቆይም። በመጨረሻ እናትየው ሥራዋን ትለቃለች። 6,000 ብር በ12 ወር ሲባዛ 72,000 ብር ነው። በ15 ዓመት 1,080,000 ብር ይሆናል፤ ያውም ደመወዙ በ15 ዓመት ውስጥ አንድ ብር አልጨመረም ብለን። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከቀጣሪው 11 በመቶ ስለሆነ በየወሩ 1,080 ብር ለእርጅናዋ ሳይቀመጥ ይቀራል። ይህ ገንዘብ በየትኛውም የመንግሥት በጀት፣ በየትኛውም የሆስፒታል ደረሰኝ ላይ አይታይም። አንድ ሰው መጥቶ "የዚህ ልጅ ወጪ ስንት ነው?" ብሎ ቢጠይቃት እሷ ራሷ የምትነግረው የኮንትራት ታክሲውንና የኤምአርአዩን ነው። የራሷን ዕድሜ ወጪ ብላ አትቆጥረውም።

ታላቅ እህትም አለች። እናት ገበያ ስትወጣ ልጁን የምትይዘው እሷ ናት። ሰኞ ገበያ፣ ረቡዕ ቀጠሮ እየተባለ ከክፍል ትቀራለች። ከጊዜ በኋላ በፈተና ወድቃ ትምህርቷን ብታቋርጥ ከወንድሟ ዘረመል ጋር የሚያያይዘው የለም፤ "ሰነፈች" ነው የምትባለው። ወላጆች ሲያረጁ ኃላፊነቱ የሚያርፈውም አብዛኛውን ጊዜ በእሷ ላይ ነው፤ የምታገባውን ሰው፣ የምትኖርበትን ከተማ፣ የምትይዘውን ሥራ ሳይቀር ይወስንባታል።

ይህ የድሀ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ፍራጃይል ኤክስ ያለባቸው ልጆች ወላጆች በተጠየቁበት አገር አቀፍ ጥናት ግማሽ የሚጠጉት የገንዘብ ጫናቸው ጨምሯል ብለዋል። 60 በመቶ የሚጠጉት ደግሞ በልጁ ምክንያት ሥራ ለመተው ወይም የሥራ ሰዓታቸውን በእጅጉ ለመቀየር ተገደዋል። እዚያም ቢሆን ወንድ ልጆች የሚለዩት በአማካይ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ ወላጆች አንድ ነገር እንደጎደለ የሚጠረጥሩት ከዚያ ብዙ ቀድመው ሆኖ ሳለ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ከአራት ቤተሰብ አንዱ ያህል የመጀመሪያው ልጅ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያው ለውጥ ያለበት ሁለተኛ ልጅ ወልዷል። ቤተሰቡ አውቆም ይወልድ ይሆናል፤ መብቱ ነው። ሳያውቅ ግን ምርጫው አልነበረውም።

አንድ ጠብታ ደም

ከፍራጃይል ኤክስ ጎን ፒኬዩ የተባለውን ሌላ በዘር የሚወረስ በሽታ ማስቀመጥ ነገሩን ያበራዋል። ፒኬዩ ልጁ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ሲወርስ ይመጣል። ሰውነት ፊኒልአላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል መሰባበር ያቅተዋል፤ እሱም እየተጠራቀመ አንጎልን ይጎዳል። በ1934 ኖርዌያዊው ሐኪም አስብዮርን ፎሊንግ በሽታውን የለየው ሁለት ልጆቿ ለምን ማደግ እንዳቃታቸው ሳትታክት በጠየቀች እናት ምክንያት ነው። የልጆቹ ሽንት እንግዳ ሽታ እንዳለው ያስተዋለችው እሷ ነበረች። በ1953 ሆርስት ቢኬልና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ውስጥ ፊኒልአላኒን የተቀነሰበት ምግብ ልጆችን እንደሚረዳ አሳዩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ጉትሪ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ራሱም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ አባት፣ ከአራስ ተረከዝ ወረቀት ላይ በሚንጠባጠብ ደም በሽታውን መለየት የሚቻልበትን ርካሽ ዘዴ አመጣ። ማሳቹሴትስ በ1963 ምርመራውን በሕግ አስገደደች።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተገኘና ምግቡ የተስተካከለለት ልጅ እንደ እኩዮቹ ይማራል፣ ይሠራል፣ ግብር ይከፍላል። ምግቡ ቀላል አይደለም። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ይከለከላሉ። ጾም ነው ብሎ ማምለጥም የለም፤ ሽሮና ምስርም ፕሮቲናቸው ብዙ ነው፤ እንጀራ እንኳ ተለክቶ ነው። የጎደለውን የሚተካው ልዩ ዱቄት ውድ ሲሆን ዕድሜ ልክ ይገዛል። ያም ሆኖ ያለ ሕክምና ከሚመጣው ከባድ ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ሒሳቡ ለክርክር አይቀርብም።

ከፒኬዩ ታሪክ ውስጥ ለኢኮኖሚ ባለሙያ በጣም አስተማሪ የሆነው ክፍል ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጎል ካደገ በኋላ ምግቡ አያስፈልግም እየተባለ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ገደማ እንዲያቆሙ ተደረገ። ልዩ ዱቄቱን ከመግዛት የተረፈ መስሎ ነበር። በአራስነታቸው የዳኑት ሴቶች አድገው ሲያረግዙ ግን በደማቸው የተጠራቀመው ፊኒልአላኒን ወደ ፅንሱ አልፎ፣ ራሳቸው ፒኬዩ የሌለባቸውን ልጆች አንጎል ጎዳ። የአንዱ ትውልድ ቁጠባ በሚቀጥለው ትውልድ ላይ ተከፈለ። ዛሬ ምክሩ ምግቡ ዕድሜ ልክ እንዲቀጥል፣ በተለይም ከእርግዝና በፊት ጠበቅ እንዲል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ አራስ ሁሉ ተረከዙ ተወግቶ የሚመረመርበት አገር አቀፍ መርሃ ግብር ገና አልተዘረጋም። እኔ ብጠየቅ በፒኬዩ አልጀምርም፤ ሲወለዱ ጀምሮ የታይሮይድ ሆርሞን በሚያንሳቸው ሕፃናት ነው የምጀምረው። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚወረስ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያው ጠብታ ደም ይገኛል፣ በብዙ አገሮች ከ2,000 እስከ 4,000 አራስ አንዱ ላይ ይታያል፣ መድኃኒቱም በየቀኑ የሚዋጥ ርካሽ ኪኒን ነው። ወረቀቱ፣ ላቦራቶሪውና ውጤት አድራሹ አንዴ ከተደራጀ በኋላ በዘር የሚወረሱትን መጨመር ይቀላል።

ቁጥሩ ሰው ሲገድል

በዘር የሚወረስ ውስንነትን በገንዘብ መቁጠር ንጹሕ ታሪክ የለውም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ናዚ ጀርመን ውስጥ በወጣ አንድ የፕሮፓጋንዳ ፖስተር ላይ አንድ የተቀመጠ ሰውና ከኋላው የቆመ አስታማሚ ይታያሉ። ጽሑፉ፣ ይህ በዘር በሽታ የተያዘ ሰው በዕድሜው ሕዝቡን 60,000 ማርክ ያስወጣል፣ ወገኔ፣ ይህ ያንተም ገንዘብ ነው፣ የሚል ነው። ከዚያ በፊት በ1933 በወጣ ሕግ 400,000 ያህል ሰዎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ከ1939 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በርሊን ውስጥ ከነበረው መሥሪያ ቤት አድራሻ ስሙን ባገኘው "ቲ4" በተባለ መርሃ ግብር ሐኪሞች የተሳተፉበት ግድያ ተጀመረ። እስከ ነሐሴ 1941 ድረስ ከ70,000 በላይ የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች በጋዝ ተገደሉ። ከዚያም በኋላ በረሃብና በመርፌ መገደላቸው ቀጥሏል። አሜሪካም ንጹሕ አይደለችም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ1927 ሰዎችን በግዳጅ ማምከን ሕጋዊ ነው ብሎ ፈርዶ፣ በተለያዩ ግዛቶች በዘመኑ ከ60,000 በላይ ሰዎች መክነዋል።

የፖስተሩን 60,000 ማርክና የሲዲሲን 1,014,000 ዶላር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ለእኔ የሚታየኝ ልዩነት የጥያቄው ነው። ፖስተሩ ሰውየውን ራሱን ወጪ አደረገው። ትክክለኛው ጥያቄ ወጪው በማን ላይ ወደቀ፣ ስንቱስ ሊቀር ይችል ነበር የሚለው ነው። ከመቶ 76ቱ ያልተከፈለ ደመወዝ ከሆነ፣ ሰውየው ላይ ለተቆለፈው የሥራ በር በከፊል ባለዕዳዎቹ ቀጣሪውና ትምህርት ቤቱ ናቸው። ፍራጃይል ኤክስ ያለባቸው ብዙ ወንዶች ሲያዩ የሚማሩ፣ የተለመደ ቅደም ተከተል ያለው ሥራ የሚወዱ፣ ቀልድና ወዳጅነት የሚያውቁ ናቸው። ድምፅ ያልበዛበት ቦታና መጀመሪያ ላይ አብሮ የሚቆም ሰው ካገኙ ዕቃ መደርደር፣ አትክልት መንከባከብ፣ ማሸግ፣ ማጠብ ይችላሉ።

ወጪውን የሚቀንሰው ምንድን ነው?

ፍራጃይል ኤክስ ፈውስ የለውም። የሚረዳው ቶሎ ማወቅ፣ የንግግርና የዕለት ተዕለት ክህሎት ሥልጠና፣ ለጭንቀቱና ለቅብጥብጥነቱ ሐኪም የሚያዝለት መድኃኒት፣ ከዚያም ትምህርት ቤትና ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ ከዚያ በፊት በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ደግሞ አካል ጉዳተኞች በሥራ ቅጥር እንዳይገለሉ ይደነግጋል። ሕጉ አለ። በተግባር ግን ብዙውን ሸክም የያዙት ወላጆች ያቆሟቸው ተቋማት ናቸው፦ ፍቅር የተባለው የአእምሮ እድገት ውስንነት ብሔራዊ ማኅበር፣ በዳውን ሲንድረም ላይ የሚሠራው ዲቦራ ፋውንዴሽን፣ በኦቲዝም ላይ የሚሠራውና ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ የመሠረተችው ኒያ ፋውንዴሽን። አንድ ማዕከል ልጁን በቀን ለስድስት ሰዓት ሲይዝ ከልጁ ትምህርት ሌላ ለእናትየው ስድስት ሰዓት እንደሰጣት መቆጠር አለበት። በዚያ ሰዓት እንጀራ ጋግራ ብታስረክብ ያ ገቢ የማዕከሉ ፍሬ ነው። ለጋሽም መንግሥትም የማዕከል ዋጋ ሲያሰላ ይህን ቢጨምር ብዙ ማዕከል "ውድ ነው" ከመባል ይድን ነበር።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እድገቱ ከዘገየ በየግዛቱ ያለው የቅድመ ድጋፍ አገልግሎት ልጁን በነጻ ይገመግመዋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ያልፋል። ቤት ውስጥ ለሚደረግ ድጋፍ የሚውለው የሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ልዩ ፈቃድ፣ ዌቨር የሚባለው፣ በብዙ ግዛቶች የዓመታት ወረፋ አለው፤ ስለዚህ ልጁ ትንሽ ሳለ መመዝገብ ነው። ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት ወርሃዊ ድጎማ) የሚቀበል ሰው በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ካለው ክፍያው ይቋረጥበታል፤ አያት "ለልጁ" ብለው በስሙ የሚያስቀምጡት ገንዘብ ሊጎዳው ይችላል። ኤብል የተባለው የቁጠባ ሒሳብ የተፈቀደው ለዚህ ነው። እስራኤል ውስጥ ደግሞ የፍራጃይል ኤክስ የተሸካሚነት ምርመራ ለማርገዝ ለሚያስቡ ሴቶች በስፋት ይቀርባል፤ እዚያ ያላችሁ የጤና ተቋማችሁን ጠይቁ።

አገር ቤትም ሆነ ውጭ፣ መናገር የዘገየ ወንድ ልጅ ይዛችሁ ሐኪም ጋ ስትገቡ ስለ ልጁ ብቻ አትንገሩ። በእናት በኩል ከ50 ዓመት በኋላ እጁ የሚንቀጠቀጥና አረማመዱ የተዛባ ወንድ ካለ፣ ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባዋ የቆመ ሴት ካለች፣ ትምህርት ያልገባው አጎት ወይም የአክስት ልጅ ካለ አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ተናገሩ። ለሰባት ቤት ዘሩን የሚቆጥር ቤተሰብ ይህን መቁጠር አያቅተውም። ከዚያም ስለ ፍራጃይል ኤክስ የዘረመል ምርመራ ጠይቁ። ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነ ወረቀቱን ቅጂ አድርጋችሁ፣ መስማማታቸውን ጠይቃችሁ፣ ለእናትየው እህቶችና ለአባቷ ሐኪም አድርሱት።